ኩላሊቱ ቀደመ ወይስ የደም ሥሩ? ፍሬድሪክ አክባር መሐመድና የመቶ ዓመት ክርክር

ኩላሊቱ ደርቆና ተጨማዶ፣ የደም ሥሮቹ ግድግዳ ወፍሮና ጠንክሮ፣ ልቡም ከልክ በላይ ገዝፎ በተገኘ አስከሬን ፊት የቆመ ሐኪም፣ ከሦስቱ ጉዳቶች የትኛው እንደቀደመ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ከመቶ ዓመት በላይ የአውሮፓንና የአሜሪካን ሊቃውንት ሲያከራክር ኖሯል። አንደኛው ወገን የበሽታው ሥር ኩላሊት ነው፤ የደም ሥሩና የልቡ ጉዳት ከእርሱ የመነጨ ነው ሲል፣ ሁለተኛው ወገን የኩላሊቱ መጎዳት በመላ አካል የተሰራጨ የደም ሥር በሽታ አንድ ገጽታ ብቻ ነው ሲል ተሟገተ። በዚህ ጥናት የክርክሩን ሂደት በየዘመኑ እየተከተልን፣ የክርክሩን መሠረት የለወጠውንና በ35 ዓመቱ በሞት የተቀጨውን እንግሊዛዊ ሐኪም የፍሬድሪክ አክባር መሐመድን ድርሻ ለመመዘን እንሞክራለን።

ስለ መሐመድ የሚነገረው ታሪክ በሁለት ጫፍ የቆመ ነው። ብዙዎቹ የመማሪያ መጻሕፍት ከሪቻርድ ብራይት ተነሥተው በቀጥታ ወደ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሻገሩ ስሙን አያነሡም፤ ይህን በደል ለማረም የተነሡ የቅርብ ጊዜ ጸሐፊዎች ደግሞ ስለ ደም ግፊት ዛሬ የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር አስቀድሞ ያየ አድርገው ያቀርቡታል። ሁለቱንም አመለካከት በጥንቃቄ ልንመለከተው ይገባል። ሚዛናችን በ1827፣ በ1836፣ በ1872፣ በ1874 እና በ1881 የታተሙት የዘመኑ የሕክምና ጽሑፎች ናቸው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ ልብ ይበል።

የታሪኩ መነሻ በለንደን የሚገኘው ጋይስ ሆስፒታል ነው። በ1789 በብሪስቶል የተወለደው ሪቻርድ ብራይት፣ በ1827 ባሳተመው የሕሙማን ታሪክ ስብስብ፣ ሦስት ነገሮችን በአንድ ገመድ አስተሳሰረ፤ የሰውነት በውኃ ማበጥን፣ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በሽንት ውስጥ መገኘቱንና ከሞት በኋላ በአስከሬን ምርመራ የሚታየውን የኩላሊት መበላሸት። ከእርሱ በፊት ዊልያም ዌልስ በ1812፣ ጆን ብላካል ደግሞ በ1813 ባሳተሟቸው ጽሑፎች አብጠው በነበሩ ሕሙማን ሽንት ውስጥ አልቡሚን መኖሩን መዝግበው ነበር፤ ይሁን እንጂ ምንጩ ኩላሊት መሆኑን አልደረሱበትም። ብራይት የተጠቀመበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነበር። ጥቂት ሽንት በማንኪያ ይዞ በሻማ ነበልባል ላይ ሲያሞቀው ፈሳሹ ከደፈረሰና ከረጋ አልቡሚን አለበት ማለት ነው። የመሣሪያው ቀላልነት ግን ሊያሳስተን አይገባም። የብራይት ብልሃት በሕይወት ሳለ የተመረመረውን ሕመምተኛ ከሞተ በኋላም ተከታትሎ፣ የሽንቱን መዝገብ ከኩላሊቱ መልክ ጋር በማነጻጸሩ ላይ ነው።

ለጥያቄያችን ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ብራይት በ1836 በሆስፒታሉ የምርምር መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ያወጣው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት በሽንታቸው አልቡሚን ታይቶ ለሞት የበቁ የ100 ሕሙማንን ውጤት አሰባስቦ ነበር። ልባቸው ገዝፎ ከተገኙት 52 ሕሙማን መካከል 34ቱ ምንም ዓይነት የልብ ቫልቭ ጉዳት አልነበረባቸውም፤ ከእነዚህም 11ዱ ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ቧንቧ ላይ መጠነኛ ጉዳት ስለታየባቸው ከቁጥሩ ቢወጡ እንኳ፣ የልባቸው መግዘፍ በዓይን በሚታይ የአካል ምክንያት የማይገለጽ 23 ሰዎች ይቀራሉ። ብራይት ለዚህ ሁለት ማብራሪያዎችን አቀረበ፤ ኩላሊት ሳያጣራው የቀረ የተበከለ ደም ወይ ልብን በቀጥታ ይቆሰቁሳል፣ አለዚያም በጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ላይ ለውጥ ስለሚያመጣ ልብ ደሙን እስከ ዳር ለማድረስ አብዝቶ መግፋት ይኖርበታል። እዚህ ላይ የብራይትን ጨዋነት ልብ እንላለን፤ ሁለቱንም አስቀመጠ እንጂ ማስረጃው ሳይፈቅድለት አንዱን አልመረጠም።

ሊመርጥ ያልቻለበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን በሕይወት ያለ ሰው የደም ግፊት የሚለካበት መንገድ አልነበረም። ስቲቨን ሄልስ በ1733 ባሳተመው ጥናት የፈረስን የደም ሥር ከፍቶ ረጅም ቱቦ በመሰካት ደሙ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አሳይቶ ነበር፤ ፑዋዘይ በ1828፣ ካርል ሉድቪግም በ1847 ይህን ዘዴ በሜርኩሪና በመዝጋቢ መሣሪያ አሻሻሉት። ነገር ግን ሁሉም የደም ሥር መብጣትን የሚጠይቁ በመሆናቸው ከእንስሳት ቤተ ሙከራ ወደ ሕሙማን አልጋ የሚሻገሩ አልነበሩም። ስለዚህ ብራይት የግፊትን ሥራ በገዘፈ ልብ ላይ አየ፤ ግፊቱን ራሱን ግን ሊያይ አልቻለም።

ከብራይት የ1836 ጥናት በኋላ ክርክሩ በሦስት አቅጣጫ ሄደ። የበርሊኑ ሉድቪግ ትራውበ በ1856 ጉዳዩን እንደ ሜካኒክስ ጥያቄ ተመለከተው፤ የተጨማደደ ኩላሊት ደም የሚያልፍበትን መንገድ ስለሚያጠብ ግፊቱ ይጨምራል፣ ልብም በዚያ ምክንያት ይገዝፋል አለ። በለንደን የኪንግስ ኮሌጁ ጆርጅ ጆንሰን ደግሞ በጥቃቅኖቹ ደም ቅዳዎች ጡንቻ ላይ አተኮረ። በእርሱ እምነት ኩላሊት ሲደክም ደም ይበከላል፤ የተበከለው ደም ወደ አካላት እንዳይዘልቅ ጥቃቅኖቹ ደም ቅዳዎች እንደ ቧንቧ መዝጊያ ይጠባሉ፤ በዚህ ዘወትራዊ ሥራ ምክንያትም ጡንቻቸው ይዳብራል። በ1872 ግን ዊልያም ገልና ሄንሪ ሳተን ይህን ቅደም ተከተል ገለበጡት። የደም ሥሮቹ ግድግዳ ወፍሮ የሚታየው ጡንቻው ስለዳበረ ሳይሆን ባዕድ የሆነ ጠንካራ ነገር በመላ አካል ጥቃቅን ሥሮች ላይ ስለሚጋገር ነው፤ ኩላሊትም ከተጎጂዎቹ አንዱ እንጂ ሁልጊዜ የበሽታው መነሻ አይደለም ሲሉ ጻፉ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ምስክሮች አንዱን ነገር በማይክሮስኮፕ እያዩ ሁለት የተለያየ ነገር ይነግሩናል። ጆንሰን ገልና ሳተን ያዩት ባዕድ ነገር ናሙናው በተዘጋጀበት ፈሳሽ ምክንያት የመጣ ነው ብሎ ነቀፈ፤ እነርሱ ግን በአቋማቸው ጸኑ። ዛሬ ላይ ሆነን ስንመዝነው ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘው ነበር። የደም ግፊት በኖረበት አካል የጡንቻው መወፈርም የግድግዳው መጠጠርም ይታያሉ። ዋናው ድካም ግን የሁለቱም የጋራ ነው። ምስክራቸው አስከሬን ነበር። አስከሬን የበሽታውን ፍጻሜ በታማኝነት ያሳያል፤ የአመጣጡን ቅደም ተከተል ግን ሊናገር አይችልም። የትኛው እንደቀደመ ለማወቅ ሰውየው ገና ሳይሞት፣ እንዲያውም ገና ሳይታመም መመልከት ያስፈልግ ነበር።

መሐመድ ወደ ታሪኩ የሚገባው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በ1849 በብራይተን ተወለደ። አያቱ ሴክ ዲን መሐመድ ከሕንድ ፓትና የመጣ፣ በ1794 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ በማሳተም ከሕንዳውያን ቀዳሚ የሆነ፣ በ1810 በለንደን የሕንድ ምግብ ቤት የከፈተ፣ ኋላም በብራይተን በእንፋሎት መታጠቢያው ስሙ የገነነ ሰው ነበር። የልጅ ልጁ በትውልድ ከተማው ሆስፒታል ትምህርት ጀምሮ በ1869 ጋይስ ሆስፒታል ገባ፤ ብራይት ከሞተ 11 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የብራይት መዛግብትና ልማድ ግን በቤቱ ውስጥ ሕያው ነበሩ።

ወጣቱ ተማሪ የያዘው መሣሪያ ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ በ1860 የሠራው ስፊግሞግራፍ ነው። ይህ መሣሪያ በእጅ አንጓ ላይ ታስሮ የደም ሥሩን ትርታ በጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ በመስመር ይጽፋል። የማሬ መሣሪያ ግን የትርታውን ቅርጽ እንጂ ጥንካሬውን አይለካም ነበር። መሐመድ ደም ሥሩን የሚጫነውን ኃይል ደረጃ በደረጃ የሚያስተካክልና መጠኑን በኦንስ የሚያሳይ አካል ጨመረበትና የአጠቃቀሙን ሥርዓት በ1872 አሳተመ። በዚህም የግፊቱን ብርታት ደሙ ሳይፈስ፣ ሕመምተኛው ሳይጎዳ መገመት ተቻለ። የጣቱንም ስሜት ቸል አላለም፤ ግፊቱ ከፍ ባለበት ሰው ደም ቅዳው በሁለት ትርታዎች መካከል እንኳ ሳይከስም እንደ ገመድ ከጣት ሥር እንደሚንከባለል ጽፏል።

ወሳኙ ምልከታ የመጣው በለንደን የትኩሳት ሆስፒታል በሠራበት ጊዜ ነው። ስካርሌት ፊቨር የተባለው የልጆች ትኩሳት ከበረደ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ኩላሊትን እንደሚያጠቃ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ መሐመድ ሌሎች ያላገኙትን ዕድል አገኘ፤ ኩላሊታቸው ሊታመም ይችላል ተብሎ የሚጠበቅ ነገር ግን ገና ያልታመመ ሰዎችን በየቀኑ መመርመር ቻለ። በ1874 ለለንደን የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ማኅበር ባቀረበው ጥናት፣ አልቡሚን በሽንት ከመታየቱ አስቀድሞ የደም ሥሩ ግፊት ከፍ እንደሚል፣ በዚያው ጊዜም የደም ቀለም ምልክት በሽንት ሊገኝ እንደሚችል ገለጸ፤ ይህንንም ከአልቡሚን በፊት ያለ ደረጃ ብሎ ሰየመው። በዚህ ደረጃ ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ቢሰጥ ግፊቱ ወርዶ የኩላሊቱ ሕመም ሊገታ ይችላል ሲልም ተከራከረ። የመድኃኒቱን ነገር ዛሬ አንቀበለውም፤ የቅደም ተከተሉ ምልከታ ግን አዲስና ጽኑ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የግፊቱ ከፍታ የታመመ ኩላሊት ዘግይቶ የሚያስከትለው ውጤት ብቻ ሊሆን እንደማይችል የሚያመለክት ማስረጃ ከሕያዋን ተገኘ።

ወደ ጋይስ ሆስፒታል ተመልሶ የሕሙማን መዝገብ ኃላፊ ከሆነ በኋላ አሳቡን ከአጣዳፊው ሕመም ወደ ሥር የሰደደው አሰፋ። በ1879 ጀምሮ በ1881 ባጠናቀቃቸው ጽሑፎችና ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የመመረቂያ ጥናት፣ አልቡሚን ፈጽሞ ሳይታይባቸው የደም ግፊታቸው ለዓመታት ከፍ ብሎ የሚኖር ሰዎች መኖራቸውን አሳየ። እነዚህ ሰዎች እንደ ማንኛውም ጤነኛ ይሠራሉ፣ ይኖራሉ፤ ከውጭ ሲታዩም ሕመም የለባቸውም። ይሁን እንጂ ዕድሜ ሲገፋ አንዳንዱ በልብ ድካም፣ አንዳንዱ በአንጎል ደም መፍሰስ፣ አንዳንዱም በኩላሊት መድከም ይሞታል። የዘር ውርስን፣ ሪህን፣ የእርሳስ መመረዝን፣ መጠጥንና እርግዝናን ከአጋላጭ ምክንያቶች ቆጥሯል። ዛሬ መነሻው ያልታወቀ የደም ግፊት የምንለውን ሁኔታ ይህን ያህል ቀርቦ የገለጸ ቀዳሚ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል።

ለመሐመድ የሚገባውን ስንሰጥ ግን የጽሑፎቹን ድክመት ልንሸሽግ አይገባም። አንደኛ፣ መሣሪያው የሚለካው በደም ሥሩ ላይ የሚያርፈውን የጭነት መጠን ነው፤ ውጤቱ በመሣሪያው አቀማመጥና በሐኪሙ እጅ ልምድ ስለሚወሰን፣ ኋላ በሜርኩሪ ሚሊሜትር ከተለካው ግፊት ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ሁለተኛ፣ የግፊቱን መነሻ በደም ውስጥ ባለ መርዝ ላይ በመጣል የብራይትንና የጆንሰንን አሳብ ወርሷል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቢያስተካክልም ምክንያቱን አላገኘም። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋ መዘዝ ያመጣው፣ ኩላሊት ገና ያልተነካበትን ሁኔታ ራሱ የብራይት በሽታ ብሎ መጥራቱ ነው። የብራይት በሽታ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው የኩላሊትን በሽታ በመሆኑ፣ መሐመድ የለየውን አዲስ ነገር በአሮጌው ስም ሸፈነው።

በ1881 የጋይስ ሆስፒታል ረዳት ሐኪም ሆኖ የተሾመው መሐመድ በኅዳር ወር 1884 በታይፎይድ አረፈ። ከዚያ በኋላ ስሙ ስለምን ደበዘዘ? ዋናዎቹ ምክንያቶች ከመዛግብቱ ይነበባሉ። ተከታይ ተማሪዎች ሳያፈራ በወጣትነቱ ሞተ። መሣሪያው ለአጠቃቀም አስቸጋሪ ስለነበር፣ ሪቫ ሮቺ በ1896 የክንድ መጠቅለያውን ሲሠራ፣ ኮሮትኮቭም በ1905 በማዳመጫ የመለካቱን ዘዴ ሲጨምርበት ስፊግሞግራፍ ከአልጋው ዳር ተወገደ፤ በእርሱ የተጻፈው ማስረጃም አብሮት ተረሳ። በዚህ መካከል አንሪ ኡሻር በ1889 በፓሪስ፣ ክሊፎርድ ኦልበት በ1895 በእንግሊዝ፣ ኤበርሃርድ ፍራንክ በ1911 በጀርመን ያንኑ ሁኔታ ከኩላሊት በሽታ ለይተው በየራሳቸው አዲስ ስም አቀረቡት። ብዙ ጸሐፊዎች ግኝቱን ለኦልበት የሰጡት እርሱ ለሁኔታው ያወጣው ስም ጥርት ያለ ስለነበረ ነው። በቀኖቹ ብቻ ከተፈረደ ግን ቀዳሚነቱ የመሐመድ ነው።

ክርክሩ በመሐመድ አሸናፊነት ተዘጋ ማለት ግን ከእውነት መራቅ ይሆናል፤ የኩላሊት ወገንም የራሱን ጽኑ ማስረጃ ይዞ ተመለሰና። በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ተቋም ሮበርት ቲገርስቴትና ተማሪው ፐር ጉስታቭ በርግማን የጥንቸልን ኩላሊት ጨምቀው ያወጡትን ፈሳሽ በሌላ ጥንቸል ደም ሥር ሲሰጡ ግፊቱ ከፍ አለ፤ በ1898 ባሳተሙት ጽሑፍም ንጥረ ነገሩን ሬኒን አሉት። ቲገርስቴት ወደ ሄልሲንኪ፣ በርግማንም ወደ ሕክምና ሥራው ሲሄዱ ይህም ግኝት እንደ መሐመድ ሥራ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተዘነጋ። በ1914 ፍራንዝ ፎልሃርድና ቴዎዶር ፋር በጀርመን ባሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ የኩላሊትን በሽታዎች በክሊኒክና በማይክሮስኮፕ አቀናጅተው መደቧቸው፤ ፎልሃርድም ግፊትና ኩላሊት አንዱ ሌላውን እየጎዳ የሚዞርበትን አዙሪት አሳብ አዳበረ።

የአሜሪካው ሃሪ ጎልድብላት በክሊቭላንድ ያደረገው ሙከራ ጉዳዩን ወደ ቤተ ሙከራ መለሰው። በ1934 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት የውሾችን የኩላሊት ደም ቅዳ በሚስተካከል የብር መቆንጠጫ አጠበበ። ሁለቱም ወገን ሲጠብ የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ጸንቶ ቆየ። ይህ ሙከራ ለሁለቱም ወገኖች የሚመሰክር መሆኑን ልብ እንበል። የመጀመሪያው ጉዳት በደም ሥር ላይ ነበር፤ ግፊቱን በመላ አካል ያሰራጨው ግን ኩላሊት ነው። ከዚህ ተነሥተው በርካታ ቀዶ ሐኪሞች የደም ግፊት ያለባቸውን ሰዎች አንድ ኩላሊት ማውጣት ጀመሩ፤ ከአብዛኞቹ ላይ ግፊቱ አልወረደም። በውሻ የተረጋገጠን አንድ መንገድ በሰው ላይ ብቸኛ መንገድ አድርጎ መውሰድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይህ ታሪክ ያስተምራል።

ከዚያ በኋላ የአሠራሩ ሰንሰለት በሁለት አህጉር ተገለጠ። በቦነስ አይረስ ብራውን ሜኔንዴስ፣ ፋሲዮሎ፣ ሌሎይርና ሙኞስ፣ በኢንዲያናፖሊስ ደግሞ ፔጅና ሄልመር፣ አንዱ ቡድን የሌላውን ሳይጠብቅ፣ ሬኒን በራሱ የደም ሥርን እንደማያጠብና በደም ውስጥ ካለ ፕሮቲን ላይ ሌላ ኃይለኛ ንጥረ ነገር ቆርሶ እንደሚያወጣ በ1939 እና በ1940 አስታወቁ። ሁለቱ ወገኖች ለአንዱ ነገር ሁለት ስም ይዘው ለዓመታት ከቆዩ በኋላ በ1958 አንጂዮቴንሲን በሚለው ተስማሙ። የዚህን ንጥረ ነገር መፈጠር የሚገታው ካፕቶፕሪል በ1981 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ፤ በ1993 በ409 የስኳር ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናትም መድኃኒቱ ግፊትን ከመቀነስ ባለፈ የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገይ አሳየ።

ከሌላው አቅጣጫም ማስረጃ መጥቶ ነበር። በ1974 ከሲያትል የወጣ ጥናት ለረጅም ጊዜ በኩላሊት እጥበት የኖሩ 39 ሕሙማንን ተከትሎ፣ የልብ ደም ሥሮች መደደር በእነርሱ ላይ ከተለመደው ፈጥኖ እንደሚመጣ ገለጸ። ተቺዎች ጉዳቱ ከእጥበቱ በፊት በነበረው የደም ግፊት የመጣ ሊሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ፤ የትኛው ቀደመ የሚለው የጥንቱ ጥያቄ በአዲስ ልብስ መመለሱ ነበር። ዛሬ ግን የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ለልብና ለደም ሥር በሽታ እጅግ የተጋለጠ መሆኑ፣ ያልታከመ የደም ግፊትም ኩላሊትን እንደሚያደክም በሐኪሞች ዘንድ የጋራ ስምምነት ነው።

እንግዲህ የመዛግብቱን ምስክርነት አንድ ላይ ስናየው ፍርዱ እንዲህ ይሆናል። ለጥያቄው አንድ ቁርጥ መልስ መፈለጉ ራሱ ስሕተት ነበር፤ በአንዱ ሰው ኩላሊት፣ በሌላው የደም ሥር ይቀድማል፤ ከተጀመረ በኋላ ግን ሁለቱም አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ብራይት የሁለቱን ትስስር አገኘ፤ ቲገርስቴት፣ ጎልድብላትና ተከታዮቻቸው የትስስሩን ኬሚካላዊ መንገድ አገኙ። መሐመድ የሬኒንን ምሥጢር አላወቀም፤ የግፊቱንም ምክንያት አላገኘም፤ ስለዚህ ሁሉን አስቀድሞ ያየ አድርገው የሚያቀርቡት አበዝተዋል። ነገር ግን ጥያቄውን ከአስከሬን ክፍል አውጥቶ ወደ ሕያው ሰው አልጋ ያመጣው፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ሽንቱ ንጹሕ በሆነ፣ ራሱንም ጤነኛ ብሎ በሚያምን ሰው ላይ ለዓመታት ሊኖር እንደሚችል በመሣሪያ መዝግቦ ያሳየው እርሱ ነው። ሐኪም ዛሬ ምንም የማያመውን ሰው ክንድ አስሮ ግፊቱን የሚለካበት ምክንያት ከዚህ ግኝት ይመነጫል። ስለዚህ የኩላሊትና የደም ሥር በሽታ ታሪክ በሚነገርበት ሁሉ የፍሬድሪክ አክባር መሐመድ ስም ከሪቻርድ ብራይት ስም ቀጥሎ መጻፍ ይኖርበታል።